ቱምቢ፣ ሲባጎና ኮከብ፦ የታላቁ ፒራሚድ ልክ እንዴት እንደተጠበቀ

ታላቁ ፒራሚድ የሚባለው፣ በግብፅ ጊዛ ያለው የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ሲነሣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ያን ሁሉ ድንጋይ በምን ጉልበት አወጡት?» ብሎ ነው። ግንብ ለሚያውቅ ሰው ግን የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ጉልበት ሲጎድል ሰው ይጨመራል፤ ልክ ሲጎድል ሰው መጨመር ስሕተቱን ያባዛዋል እንጂ አያርመውም። ከአራቱ የመሠረት ማዕዘኖች የተነሡ አራት ጠርዞች 146.6 ሜትር ወደ ላይ ወጥተው፣ ሥራው ሲጀመር ባዶ አየር በነበረ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው። ከታች የተሳተው የሚታወቀው ከላይ ሲደረስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማፍረስ አይታሰብም።

ምን ያህል እንደተሳካላቸው በቁጥር እንየው። ፒራሚዱ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኮል የተባለ ቀያሽ የመሠረቱን አራት ጎኖች ሲለካ ሰሜኑ 230.253፣ ደቡቡ 230.454፣ ምሥራቁ 230.391፣ ምዕራቡ 230.357 ሜትር ሆኖ አገኘው። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሺሕ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን ከ90 ዲግሪ የጎደለው 2 ሰከንድ ብቻ ነው (ይህኛው ዕድልም ታክሎበት ነው)፤ ከሁሉ የከፋው የደቡብ ምሥራቁ ደግሞ በ3 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ይጎድላል። እዚህ ላይ «ደቂቃ» ስንል የአንድ ዲግሪ 60ኛ፣ «ሰከንድ» ስንል የደቂቃ 60ኛ ማለታችን ነው። የውጭው ልባስ ድንጋይ ያረፈበት የመሠረት ንጣፍ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ጫፍ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በከፍታ የሚለያየው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ፒራሚዱ በሙሉ በዚህ ጥንቃቄ የተሠራ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያለው ድንጋይ በአብዛኛው እዚያው ጊዛ የተፈለጠ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ክፍተቱ በፍርካሽና በጀሶ የተሞላ ነው። የረድፎቹ ውፍረት እንኳ እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው ረድፍ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ላይ እየሳሳ ይሄድና 35ኛው ላይ ድንገት እንደገና 1.27 ሜትር ይሆናል። ግንበኞቹ ጥንቃቄያቸውን ሁሉ ያዋሉት በጥቂት ቦታ ላይ ነው፦ በመሠረቱ ንጣፍ፣ በሰሜን መስመሩ፣ በአራቱ ጠርዞች፣ በልባሱ ድንጋይና በውስጥ መተላለፊያዎቹ። በሚሊዮን ከሚቆጠረው ድንጋይ አብዛኛው የሚጠበቅበት ከመስመሩ እንዳይወጣ ብቻ ነበር። ሥራው ሊያልቅ የቻለውም በዚህ ይመስለናል፤ ሁሉንም ድንጋይ እንደ ልባሱ እንጥረብ ቢሉ ኖሮ የንጉሡ ዕድሜ አይበቃቸውም ነበር።

በእጃቸው የነበረው

መሣሪያዎቹን የምናውቃቸው በዋናነት ከኋለኛ ዘመን መቃብሮች ነው። ዴይር ኤል መዲና በተባለው የመቃብር ሠሪዎች መንደር፣ በሰነጀም መቃብር ውስጥ ሦስት የእንጨት መሣሪያዎች ተገኝተዋል፦ ስኳድራ (90 ዲግሪ ማውጫ)፣ የግድግዳን ቀጥታ መለኪያ ቱምቢ (በክር የሚንጠለጠል ክብደት)፣ እና ሁለት እግር ያለው ከመካከሉ ቱምቢ የሚንጠለጠልበት ውሃ ልክ። መቃብሩ ከኩፉ 1300 ዓመት ገደማ ያንሳል፤ መሣሪያዎቹ ግን አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ ለረጅም ዘመን ሳይለወጡ የኖሩ ናቸው። በዚህ ላይ ሲባጎ፣ ችካል፣ ቀይ የአፈር ቀለም፣ የመዳብ መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ድንጋይ መቀጥቀጫ የዶለራይት (ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ) ድቡልቡል፣ እና የእንጨት መለኪያ ዘንግ ይጨመራል።

የልኩ መሠረት ንጉሣዊው ክንድ ነበር፤ 52.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክንዱ በ7 ጋት፣ ጋቱ በ4 ጣት ይከፈላል፤ ስለዚህ አንድ ክንድ 28 ጣት ነው። ክንድና ጋት ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ ልዩነቱ የግብፁ ክንድ ከማንም ሰው ክርን የማይለካ፣ በዘንግ ላይ የተቀረጸ ቋሚ ልክ መሆኑ ነው። የታላቁ ፒራሚድ የመሠረት ጎን 440 ክንድ፣ ቁመቱ 280 ክንድ ሆኖ ታቅዷል። ይህን ሁለት ቁጥር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ንጣፉን ማስተካከል

ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ዓለቱ ላይ ቦይ ቆፍረው ውሃ ሞሉበት፣ ውሃው የቆመበትን ምልክት አደረጉ፣ የተረፈውን ዓለት ጠረቡ» የሚል ነው። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ጊዛ ከዓባይ በላይ ያለ ደረቅ አምባ ነው፤ ውሃው በሰው ትከሻ ወይም በአህያ ወጥቶ፣ በበረሃ ፀሐይ እየተነነ፣ በነፋስ እየተገፋ፣ 920 ሜትር ዙሪያ ላይ ጸጥ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ የፒራሚዱ መካከል አልተስተካከለም፤ የተፈጥሮ ዓለት ጉብታ ውስጡ እንዳለ ቀርቷል። ስለዚህ ያስፈለገው ሰፊ ሜዳ ማስተካከል ሳይሆን በዙሪያው እንደ መቀነት የሚሄድ አንድ ንጣፍ ማስተካከል ነው። ያም ንጣፍ ከዓባይ ማዶ ከቱራ በመጣ ነጭ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ዓለቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ንጣፉ ያስተካክለዋል።

ለዚህ ሥራ ባለ ሁለት እግሩ ውሃ ልክ ይበቃል ወይ? እናስላው። በእግሮቹ መካከል 1 ሜትር፣ የቱምቢው ክር ደግሞ ከአናት እስከ ምልክቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ክሩ ከምልክቱ መራቁን እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ይለያል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ ማለት፣ በ1 ሜትር እርምጃ 0.6 ሚሊ ሜትር የከፍታ ስሕተት ነው። አንድ ጎን ለመጨረስ 230 እርምጃ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚወሰነው ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ላይ ነው። መሣሪያው ራሱ ጠማማ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ እግር በጥቂቱ ካጠረ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ይስታል፤ 0.6 በ230 ሲባዛ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስሕተቱ የመጣው ከዓይን ከሆነ ግን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚከማቸው በእርምጃው ብዛት ሳይሆን በብዛቱ ካሬ ሥር ነው። የ230 ካሬ ሥር 15 ገደማ ነው፤ 0.6 በ15 ሲባዛ 9 ሚሊ ሜትር። አንደኛው መንገድ ያበላሻል፤ ሁለተኛው የጊዛን ልክ ያመጣል።

መሣሪያው ጠማማ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ ልኩን አስቀምጠህ ክሩ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ታደርጋለህ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ገልብጠህ በዚያው በሁለቱ ነጥቦች ላይ መልሰህ ታቆመዋለህ። ክሩ ሌላ ቦታ ካረፈ እውነተኛው ምልክት የሁለቱ መሐል ነው። ስኳድራም እንዲሁ ነው፤ አንዴ መስመር ታሰምርበታለህ፣ ገልብጠህ ደግሞ ታሰምራለህ፣ ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ መካከላቸውን ትወስዳለህ። ዛሬም ርካሽ መሣሪያ የያዘ ግንበኛ በዚህ ዘዴ ከመሣሪያው የተሻለ ልክ ያወጣል። በእኛ ግምት የፒራሚዱ ልክ ምሥጢር ካለው፣ ምሥጢሩ ይህ መገልበጥና መካከል መውሰድ ነው። በየትኛውም ፓፒረስ ላይ ተጽፎ አልተገኘም፤ ነገር ግን ያለዚህ እነዚያ ቁጥሮች የሚወጡበት መንገድ አይታየንም።

ሌላው ፈተና ሲባጎው ነው። የተወጠረ ሲባጎ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ በመካከሉ ግን ይረግባል። በሜትር 5 ግራም የሚመዝን ሲባጎ በ5 ኪሎ ኃይል ተወጥሮ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚረግበው በአራት እጥፍ ነው፤ በ20 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ5 ሜትር ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ። ስለዚህ ለከፍታ ልኬት ችካሉን ማቀራረብ ግድ ነው። በፒራሚዱ ዙሪያ ዓለቱ ላይ በተከታታይ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ማርክ ሌነር እነዚህን የቅየሳ ችካል የቆመባቸው ናቸው ብሎ ያስረዳል። የከፍታው ምልክት ከችካል ወደ ችካል እየተላለፈ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ከመጀመሪያው ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ የት እንዳለ ለማወቅ እንደገና በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ነው።

ሰሜንን ማግኘት

የፒራሚዱ ጎኖች ከእውነተኛው ሰሜን የሚዘነበሉት በ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው። ይህን ለማድነቅ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ዛሬ ሰሜንን የሚያሳየው የሰሜን ኮከብ በዚያን ጊዜ ሰሜን ላይ አልነበረም። የምድር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚዞር የሰማዩ ምሰሶ (ከዋክብት ሁሉ ሲዞሩበት የሚታየው ነጥብ) ቦታ በሺሕ ዓመታት ይቀያየራል። በኩፉ ዘመን ለምሰሶው ይቀርብ የነበረው ቱባን የተባለ ኮከብ ቢሆንም እሱም ከምሰሶው ርቆ ይዞር ነበር። ወደ አንድ ኮከብ ብቻ አነጣጥሮ ሰሜንን በደቂቃ ልክ ማግኘት አይቻልም ማለት ነው።

ለመፍትሔው ሦስት ሐሳቦች በቁም ነገር ይነሣሉ። አንደኛው ክብ ግድግዳ ሠርቶ፣ አናቱን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ከመሐሉ ሆኖ አንድ ኮከብ ሲወጣና ሲጠልቅ ግድግዳው ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ሰሜን ነው። ሁለተኛው የጥንታዊ ግብፅ ተመራማሪዋ ኬት ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበችው ነው፦ በምሰሶው ግራና ቀኝ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች፣ ኮካብና ሚዛር፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በአንድ ቱምቢ ክር ላይ የሚሰለፉበትን ቅጽበት መጠበቅ። ይህ ዘዴ አንድ ጥሩ ነገር ያስረዳል፤ ሰማዩ ስለሚንሸራተት ያ ሰልፍ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው በአንድ ዘመን ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሠሩ ፒራሚዶች ደግሞ ቀስ በቀስ ይዘነበላሉ። የዘመኑ ፒራሚዶች አቅጣጫ በእርግጥም እንዲህ ያለ መንሸራተት አለው። ቅሬታው የተመረጡት ኮከቦች እነዚያው ናቸው ወይ የሚል ነው።

ሦስተኛው ለእጅ የቀረበ በመሆኑ ለግንበኛ ይስማማል። ቀጥ ያለ ዘንግ በተስተካከለ መሬት ላይ ይተከላል፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት የጥላው ጫፍ በየጊዜው ምልክት ይደረግበታል። በዚያ ዕለት የጥላው ጫፍ የሚሄድበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ያህል ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ጊዛን የቀየሰው መሐንዲስ ግሌን ዳሽ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በአሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ ይህን በራሱ ሞክሮ ያገኘው መስመር ወደ ግራ፣ ማለትም የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ በጥቂቱ የዞረ ነበር። የጊዛዎቹ ሁለት ትላልቅ ፒራሚዶችና የዳህሹሩ ቀይ ፒራሚድም ወደዚያው ወደ ግራ ነው የዞሩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመስከረም ፀሐይ በየሰዓቱ 1 ደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ) ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያለው ጥላ ከጠዋቱ ትንሽ ወደ ሰሜን ይረዝማል፣ መስመሩም በምሥራቅ ጫፉ ወደ ሰሜን ይነሣል። በመጋቢት ቢሠራ ኖሮ ዝንባሌው በተቃራኒው ይሆን ነበር። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ስሕተቱም ጭምር የሚገጥምለት ዘዴ ሚዛን ይደፋል።

የትኛውም ዘዴ ይሁን፣ ችግር የሚመጣው መስመሩ ሲረዝም ነው። ሰሜን የተያዘው በ5 ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ችካሎች ከሆነና አንዱ ችካል 5 ሚሊ ሜትር ከሳተ፣ ስሕተቱ 3.4 ደቂቃ ነው፤ በ230 ሜትር ላይ 23 ሴንቲ ሜትር። ልብ በሉ፤ ፒራሚዱ ራሱ የሳተው በዚህ መጠን ነው። ኮከብ መመልከቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ ያ ሁሉ ስሕተት ከአንድ ችካል ውፍረት ሊመጣ ይችል ነበር። ገመድ መወጠር በግብፅ ንጉሡ ራሱ የሚገኝበት ሥርዓት ነበር፤ የልኬት አምላክ ከሆነችው ከሰሻት ጋር ገመድ ሲወጥር የሚያሳዩ የቤተ መቅደስ ሥዕሎች አሉ።

440 ክንድ ከድንጋይ ላይ

ገመድ ለአቅጣጫ እንጂ ለርዝመት አይታመንም። የተምር ወይም የሣር ገመድ በወጠሩት ቁጥር ይለጠጣል፣ በጠል ያጥራል። መቶኛ እጅ ቢለጠጥ በ230 ሜትር ላይ 2.3 ሜትር ነው፤ የተገኘው ልዩነት ግን 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ የተለካው በእንጨት ዘንግ፣ ጫፍ ከጫፍ እየተገጠመ መሆን አለበት።

ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። የ1 ክንድ ዘንግ በ1 ሚሊ ሜትር ቢረዝም በ440 ጊዜ 44 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግን አራቱም ጎን በዚያው ዘንግ ከተለካ አራቱም እኩል 44 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ ካሬው ካሬ ሆኖ ይቀራል። ለፒራሚድ የሚያስፈልገው የጎኖቹ እኩልነት እንጂ ከሌላ አገር ክንድ ጋር መግጠማቸው አይደለም። ዛሬም ሳይት ላይ ሁለት የተለያየ ሜትር የያዙ ሰዎች አንድ ሕንፃ ሲለኩ የሚፈጠረውን ጣጣ ያየ ይገባዋል።

ቀጥሎ ማዕዘኑ። የተለመደው ማረጋገጫ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተሻግሮ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ነው፤ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ናቸው። እዚህ ግን መካከል ላይ የዓለቱ ጉብታ ቆሟል፤ ሰያፉን መለካት አይቻልም። ስለዚህ 90 ዲግሪው በየማዕዘኑ ለብቻው መውጣት ነበረበት። አንዱ መንገድ ትልቅ ስኳድራ ነው፤ ሌላው በአንድ መስመር ላይ ካሉ ሁለት እኩል የራቁ ነጥቦች በገመድ ቅስት ስቦ ቅስቶቹ የሚቋረጡበትን መያዝ ነው። 3፣ 4 እና 5 ክንድ ያለው ሦስት ማዕዘንም ይጠቀሳል፤ ከኩፉ ዘመን በጽሑፍ የተገኘ ማስረጃ ግን የለውም። የደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን በ3 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ መሳቱ በጎኑ ጫፍ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በጎኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ዋና ምንጭ ይህን የመሰለ የማዕዘን ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

የመጨረሻው መስመር የተሰመረው ዓለቱ ላይ ሳይሆን በተስተካከለው ንጣፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓለቱ ላይ በግምት ተቀይሶ፣ ንጣፉ ከልባሱ ጥቂት ወጣ ብሎ ተነጥፎ፣ ከዚያ ትክክለኛው ካሬ በንጣፉ ላይ እንደገና ተሠራ። ሁለት ጊዜ መቀየስ የጊዜ ብክነት ይመስላል፤ የመጀመሪያው ስሕተት የሚታረመው ግን በዚህ ነው።

ዝንባሌውን በሰቀድ መያዝ

ግብፃውያን ዝንባሌን በዲግሪ አልለኩም። የሚጠቀሙበት ልክ ሰቀድ ይባላል፤ ግንቡ አንድ ክንድ (7 ጋት) ከፍ ሲል ስንት ጋት ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የኩፉ ሰቀድ 5 ጋት ከ2 ጣት፣ ማለትም 5 ተኩል ጋት ነው፤ በእኛ አነጋገር 51 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ። ግማሹን ጎን (220 ክንድ) በቁመቱ (280 ክንድ) አካፍላችሁ በ7 ብታባዙ ያው 5.5 ይመጣል። ሪንድ ተብሎ በሚታወቀው የሒሳብ ፓፒረስ ላይ እንዲህ ያሉ የፒራሚድ ጥያቄዎች አሉ፤ አንዱ 360 ክንድ ጎንና 250 ክንድ ቁመት ሰጥቶ ሰቀዱን ፈልግ ይላል።

ዙሪያውን ለቁመቱ ስናካፍል የክብ ዙሪያ ቁጥር የሆነው ፓይ በእጥፍ መውጣቱን ብዙዎች እንደ ምሥጢር ያወሩታል። ምሥጢር አይደለም። ሰቀዱ 5 ተኩል ከሆነ ውጤቱ 44 ለ7 መሆኑ ግድ ነው፤ ማንም ክብ ሳይስል ይወጣል።

የሰቀድ ጥቅሙ ለሠራተኛ መሆኑ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ረድፍ ከተነጠፈ የላይኛው ጠርዝ 55 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ረድፉ 1.5 ሜትር ከሆነ 1.18 ሜትር። የረድፎቹ ውፍረት ያልተመሳሰለው ለዚህ ነው የማያስቸግረው፤ ድንጋዩ በመጣበት ውፍረት ይነጠፋል፣ ሒሳቡ ለየረድፉ ይሠራል። ለጠራቢው በዚያው ዝንባሌ የተሠራ የእንጨት ፎርማ ይሰጠዋል፤ ልባሱ ላይ አስደግፎ ያያል።

ሜይዱም በተባለ ሌላ የግብፅ የመቃብር ስፍራ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ፍሊንደርስ ፔትሪ ያገኘው ነገር ይህን በዓይን ያሳያል። ከአንድ ትልቅ መቃብር ማዕዘኖች ውጭ፣ መሬት ውስጥ፣ ማዕዘን የሚሠሩ የጭቃ ጡብ ግድግዳዎች ነበሩ፤ በላያቸው ላይ የከፍታ መስመሮችና የግንቡ ዝንባሌ መስመር ተሥለው ነበር። መሬቱ ወጣ ገባ ስለነበር ዝንባሌው ከመሬት በታች ጀምሮ ተሥሎ፣ ግንቡ ከዚያ መስመር ቀጥሎ ወጣ። በታላቁ ፒራሚድ ውስጥም ከንጉሡ ክፍል በላይ ባሉት ጠባብ ክፍሎች ሠራተኞች በቀይ ቀለም ያሰመሯቸው መስመሮች ዛሬም አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ መሳት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት። አንድ ፊት በ1 ዲግሪ ብቻ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ቢቆም ጫፉ ላይ ሲደርስ ከሌሎቹ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። መድኃኒቱ በየረድፉ መለካት ነው። ግንቡ ከዓለቱ ጉብታ በላይ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ረድፍ አዲስ ጠፍጣፋ መድረክ ይሆናል፤ ጎኖቹን እንደገና መለካት፣ በመሠረቱ ላይ ያልተቻለውን ሰያፍም መለካት ይቻላል። ረድፉ የሚጎድለው ነገር ካለ በሚቀጥለው ረድፍ በጣት ልክ እየታረመ ይሄዳል።

ልባሱ

ነጩ ልባስ ዛሬ በአብዛኛው የለም፤ በመካከለኛው ዘመን ተነቅሎ የካይሮ ሕንፃ ሆኗል። ከታች በሰሜን በኩል የቀሩት ጥቂት ድንጋዮች ግን ለፔትሪ በቅተውታል። በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሆኑን ለካ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ደግሞ ስስ ጀሶ አለ። ጀሶው ሙጫ ብቻ አልነበረም፤ እርጥብ እያለ ቶን የሚመዝነውን ድንጋይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፣ ከዚያ ደርቆ ጫናውን እኩል ያከፋፍላል።

ገጽታውን ጠፍጣፋ ለማድረግ ሦስት እኩል ቁመት ያላቸው አጫጭር የእንጨት ዘንጎች ይበቃሉ። ሁለቱ በአናታቸው ሲባጎ ተወጥሮ በሁለት ጫፍ ይቆማሉ፤ ሦስተኛው በመካከል ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ ሲባጎውን ወደ ላይ ከገፋው እዚያ ላይ ድንጋዩ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ይጠረባል። ጎን ለጎን የሚገጥሙ ሁለት ድንጋዮች ደግሞ ተጠጋግተው ከቆሙ በኋላ በመካከላቸው መጋዝ ይሰደዳል፤ መጋዙ ሁለቱንም ገጽ በአንድ ጊዜ ስለሚልግ አንዱ ቢጣመም ሌላው በዚያው ልክ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ግን ይዘጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «በመካከላቸው ቢላዋ አይገባም» በሚለው ወሬ ያን ያህል አይደነግጥም።

የውጭው ፊት ተጠርቦ አይመጣም ነበር። ትርፍ ድንጋይ ተትቶለት ይቀመጣል፤ የመጨረሻው መላጨት የሚሠራው በኋላ ነው። በዚያው በጊዛ ያለው የንጉሥ መንካውሬ ፒራሚድ ታችኛው 16 ረድፍ የአስዋን ግራናይት ነው፤ ሥራው ስላላለቀ አብዛኛው ፊቱ እንዳበጠ ቀርቷል። ያላለቀ ሥራ ስለ አሠራሩ ካለቀው የበለጠ ይናገራል። ትርፉ ሁለት ጥቅም አለው፦ ድንጋዩ ሲጎተትና ሲገፋ ጠርዙ ቢሰበር የሚጎዳው የሚጣለው ክፍል ነው፤ በረድፎቹ መካከል የቀረች ትንሽ ስሕተትም በመጨረሻው መላጨት ትጠፋለች።

በውስጥም እንዲሁ ጥንቃቄ የተደረገበት ቦታ አለ። ወደ ታች የሚወርደው መተላለፊያ ከ100 ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ ፔትሪ በሙሉ ርዝመቱ ላይ የጎኖቹ መጣመም ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ቀጥ ያለ ረጅም ጉድጓድ ለዓይን ራሱ መለኪያ ነው፤ ከታች ሆኖ ወደ ላይኛው የብርሃን ቀዳዳ ያየ ሰው የግድግዳውን ጥቂት መጉበጥ ይለያል።

ያልተሳካው

ይህ እውቀት በአንድ ትውልድ፣ በውድቀት የተገኘ ነው። የኩፉ አባት ስነፈሩ ዳህሹር ላይ ያሠራው ፒራሚድ ከ54 ዲግሪ በላይ በሆነ ዝንባሌ ተጀምሮ፣ ለስላሳ መሬት ላይ በመቆሙ ይሰነጠቅ ጀመር፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ዝንባሌውን ወደ 43 ዲግሪ ዝቅ አደረጉት። ዛሬም ጎኑ ተሰብሮ ይታያል። ቀጥሎ የተሠራው ቀይ ፒራሚድ ከመጀመሪያው በ43 ዲግሪ ወጣ። ኩፉ ወደ 52 ዲግሪ ሊመለስ የቻለው መሠረቱን ከጊዛ ጠንካራ ዓለት ጋር ስላያያዘው፣ ረድፎቹንም ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጎ ሳይሆን አግድም ስላስነጠፈ ነው።

የኩፉ ልጅ የካፍሬ ፒራሚድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ሰቀዱ 5 ጋት ከ1 ጣት ነው፤ ከኩፉ ይልቅ ቀጥ ያለ። አናቱ ላይ ልባሱ ስላልተነቀለ ጠርዞቹን እስከ ጫፉ ድረስ መከተል ይቻላል። በጥንቃቄ ያየ ሰው ጫፉ አካባቢ ጠርዞቹ በጥቂቱ ሲጠማዘዙ ያስተውላል። ከታች ጀምሮ አራቱ መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ እንደማይሄዱ የታወቃቸው እላይ ሲደርሱ ነው፤ የቀረውን ጥቂት ረድፍ ጠምዝዘው አገናኙት።